ሰባት ቤት ሲቆጠር

ማዕረግ ልብስ ሰፊ ነው። መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚሉት ሰፈር፣ ከአቶ ወልደሚካኤል የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ሲሰፋ ጠጉሩ የሸበተ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው። ያን ሰሞን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ የግራውን እጅጌ ቀኝ ላይ ይገጥማል፣ ኮሌታ ገልብጦ ይተክላል፣ መርፌ በመርፌ ላይ ይሰብራል። ደንበኛ ሲቆጣው "እሺ ጌታዬ" ብሎ ይፈታና መልሶ ያበላሸዋል። የሰፈሩ ሰው ልጁን ሊድር ነው፣ ደስታው አሳብዶት ነው እያለ ይስቅበት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ይህን አልሰማም። ቢሰማም የሚስቅ አይመስለኝም።

ልጁን ሊድር መሆኑስ እውነት ነው። የአቶ ወልደሚካኤል ልጅ አሸብር የማዕረግን ልጅ አመተ ሥላሴን ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይመጡና አጥንት ይቆጠራል። ያው ታውቁታላችሁ፤ ሙሽሮቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለዝምድናው ብቻ ቢሆንማ ምን ገዶን! ሽማግሌ ጆሮውን የሚያቆመው ለሌላ ነው። ከማን ተወለደ፣ ዘሩ ጨዋ ነው ወይስ ሌላ፣ እሷን ሊለቅም ነው የሚመጣው።

ማዕረግ በአባቱ በኩል ሰባቱን አሳምሮ ይቆጥራል። አባቱ የመንዝ ሰው፣ ወታደር ነበር። በእናቱ በኩል ግን አንድ ይልና ይቆማል። እናቱ ወለተ ማርያም፣ ከሷ ወዲያ ጨለማ ነው። ወለተ ማርያም የሚለውንም ስም ያወጡላት ገዝተው ያስጠመቋት ሰዎች ናቸው። ልጅ ሆና ከደቡብ፣ ከአንድ ወንዝ ዳር አፍነው ወስደዋት፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጣ ሸዋ አንድ ትልቅ ቤት ገባች። እዚያ ስትፈጭ ስትወቅጥ አድጋ፣ ነጻ ስትወጣ ወታደሩ አገባት። ማዕረግ መልኩ ወደ አባቱ ስላደላ ጠይቆት የሚያውቅ የለም፤ እሱም ትንፍሽ አላለም። የምታውቀው ሚስቱ ሠርኬ ብቻ ናት። ልጅቷ እንኳ አታውቅም።

ሠርኬ ብልህ ሴት ናት፤ መላውን ወዲያው አገኘችለት። እናትህ ያደገችው እዚያው ጌቶቹ ግቢ አይደል፣ የጌቶቹ ዘመድ ነበረች በል፣ አባታቸውንና አያታቸውን ቁጠርና ተገላገል፣ ማን መቃብር ቆፍሮ ይጠይቃል አለችው። ማዕረግም መኪናውን እየረገጠ የጌቶቹን ዘር እንደ ዳዊት ደጋሚ ሲደግም ሰነበተ። እናቱን በእግር በእጅ ሲያዟት የኖሩትን ሰዎች አያቶቼ ብሎ ሊጠራ! አፉ አልታዘዝ እያለው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይጠፋበትና እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

በዚህ መሀል ነው የፈረንጁ ነገር የመጣው። ጊዜው የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው በተበተኑ በዓመቱ ገደማ ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ሙሴ ዲኖ የሚሉት ፈረንጅ ጨርቅ አስመጪ ትልቅ መጋዘን ነበረው። ማዕረግ ለኮት የሚሆን ገበር ሊመርጥ እዚያ ቆሞ ሳለ አቶ ወልደሚካኤል ገቡና፣ የላክልኝ ጣቃ ብል የበላው ነው፣ ውሰድና ለውጥልኝ አሉ ሙሴ ዲኖን። እሱ አልለውጥም አለ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሙሴ ዲኖ፣ አማርኛ እንደ ውኃ የሚጠጣ ሰውዬ፣ በሩን በጣቱ እያሳየ "ውጣ ከዚህ፣ አንተ ጥቁር ባሪያ" አላቸው። በመጋዘኑ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው አልነበረም።

ጉድ በል ሰባተኛ! ወሬው ከአቶ ወልደሚካኤል እግር ቀድሞ ደረሰ። ነጋዴው መደብሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። በገዛ አገራችን ላይ ነጭ ባሪያ ይበለን እንዴ የማይል የለም። በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ የሚደርሰው ግፍ በራዲዮ ሲነገር የከረመ ነውና የዚያም ቁጭት ተጨመረበት። ከአንዋር መስጊድ አካባቢ ያሉት ጨርቅ ሻጮች ሳይቀሩ ከሙሴ ዲኖ ክር አንገዛም ብለው ማሉ። ክስ ተመሠረተ። ሙሴ ዲኖ ግን ውጣ ብያለሁ እንጂ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም ብሎ ካደ። የሰማ ማን ነው ሲባል ማዕረግ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕረግን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ጠፋ። ጠጅ ቤት ሲገባ ይነሡለታል፣ የአገር ልጅ፣ አንደበትህ ይባረክ ይሉታል። ሌላው ሰው ቢሆን ደረቱን በነፋ ነበር። እሱ ግን ዓይን በበዛበት ቁጥር ጥግ ጥጉን ይይዝ ጀመር። ይህ ሁሉ ሰው እሱን ሲያይ፣ አንዱ ለመሆኑ የዚህ ሰው እናት ማን ነበረች ቢልስ?

አቶ ወልደሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልንገራችሁ። ድኻ ያበላሉ፣ ለእድር ቀድመው ይደርሳሉ፣ ማዕረግንም በበረንዳቸው ሲያኖሩት ኪራይ ጠይቀውት አያውቁም። ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት በነበረው ዓርብ ነጋዴው በረንዳው ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ እዚያው ከማዕረግ መኪና አጠገብ ቆመው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ተናገሩ። "ሰውን በቆዳውና በዘሩ የሚንቅ የፈጠረውን እግዚአብሔርን የናቀ ነው" አሉ። ብዙዎቹ አብረዋቸው አለቀሱ። በዚህ መሀል አንድ የደቡብ ሰው፣ ጭነት ተሸካሚ፣ ጣቃውን ደጃፍ ላይ ሊያወርድ ሲል አቶ ወልደሚካኤል ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ያን ባሪያ ወደ ጓሮ አዙር በሉት አሉና ንግግራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ዘወር ብሎ ያየ አልነበረም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!

ማዕረግ ሰምቷል፤ እግሩ ከመርገጫው ላይ ቆሞ ነበር። ግን የተጨነቀ ልብ ሞኝ ነው። ንግግሩን ለራሱ ያዘና ያኛውን ቃል ለልማድ ተወው። አፋቸው ለምዶበት ነው፣ ልባቸው ግን ተነክቷል፣ የቀመሰ ያውቃል አለ። ይህን ባሰበ ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ ቀለል አለው፤ የዚያን ቀን እጅጌውን በትክክል ገጠመ። ለሠርኬ ግን ያሰበውን አልነገራትም፣ ብትሰማ ታንቀው ነበርና።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አፈ ጉባኤው ባላምባራስ ሙሉብርሃን የተባሉ፣ ዘር በመቁጠር የታወቁ አዛውንት። እንደ ወጉ ቆመው ተለመኑ፣ ተቀመጡ፣ ጠጅ ተቀዳላቸው። አመተ ሥላሴ ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ባላምባራስ የአሸብርን ወገን በአባትም በእናትም ያለ እንቅፋት ወረዱትና እንግዲህ ያንተ አሉት። ማዕረግ አባቱን ቆጠረ። እሰይ አሉት። ሠርኬ ከጓዳ በር ላይ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

"እናቴ ወለተ ማርያም ትባል ነበር" አለ ማዕረግ። "አባቷን አላውቀውም። ልጅ ሆና ተሽጣ የመጣች ናት።"

ባላምባራስ የሰሙትን ደግመው ሊጠይቁት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብርሌያቸውን ቀስ አድርገው ወለሉ ላይ አኖሩ። ዶሮው ቀርቦ ነበር፤ አልተነካም። ተመካክረን እንመለሳለን ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ተመካክረን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ መርካቶ የማያውቅ የለም። ሠርኬ ጓዳዋ ገብታ አለቀሰች። አሸብር እንኳ ይመጣል፣ አባቱን እምቢ ይላል ብላ በር በሩን ስታይ ቆየች፤ አልመጣም።

የመጡት አቶ ወልደሚካኤል ናቸው፤ ብቻቸውን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ። ወደ ቤት አልገባም ብለው ደጃፉ ላይ ቆመው የማዕረግን ትከሻ ያዙ።

"ማዕረግ፣ እኔ በአንተ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። እጅህም አንደበትህም የተባረከ ሰው ነህ። ግን ዘር የሚሉት ነገር አለ። ጎጃም ያለው ወገኔ ነገ ምን ይለኛል?"

ማዕረግ "ጋሼ፣ ሙሴ ዲኖ ባሪያ ቢልዎት ዓርብ ዕለት ለምን ነበር ያለቀሱት?" አላቸው።

አቶ ወልደሚካኤል ከልባቸው ተገረሙ። "እንዴ! እኔ ባሪያ ነኝ እንዴ?"

እሳቸው ቸኩለው ነበር። ምስጢርህ ከእኔና ከሽማግሌዎቹ አይወጣም፣ ለልጅህም ሌላ ባል አይጠፋም፣ አይዞህ አሉት። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ መለስ ብለው፣ ነገ በጠዋቱ ችሎት ነውና እንዳትቀር፣ አንተ ከሌለህ ያ ነጭ ይስቅብናል አሉ። ይስቅብናል ሲሉ እሱንም ጨምረው መቁጠራቸው ነው እንግዲህ።

ሠርኬ በቁጣ ነደደች። እግርህን ብታነሣ እግዜር ይፍረድ፣ የራሱን ጉድ ራሱ ይወጣው፣ በሰው ቁስል እንጨት ሲሰድ ኖሮ ዛሬ የሱ ቁስል ምን ልዩ አደረገው አለች። ማዕረግ ግን ሁለት ሐሳብ ሆነ። ባይሄድ ፈረንጁ ያን ቃል ተናግሮ በነጻ ሊሄድ ነው። ያን ቃል ደግሞ ከአቶ ወልደሚካኤል ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ቢሄድ ደግሞ ልጁን አዋርደው ለሄዱ ሰው ጠበቃ ሊቆም ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሁሉን ሰምታለች፣ እሱም ፊቷን ማየት ፈራ። ብዋሽ ትዳሯን አተርፍላት ነበር፣ በገዛ አፌ ገደልኳት እያለ ውስጡ ተቃጠለ።

አመተ ሥላሴ መጥታ ከእግሩ ሥር ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አያቴ አባቷን በእውነት አታውቀውም ነበር?"

"ታውቀው ነበር" አላት። "ትንሽ ስለነበረች ስሙን ረሳችው። ሲያስነጥስ ግን ትዝ ይለኛል ትል ነበር፤ ቤቱ ይናወጣል ብላ።"

ልጅቷ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም ብላ ወቀሰችው። ቆየችና ነገ ሂድ አለችው፣ የሚጠይቁህን ሁሉ በትክክል መልስ፣ ስለ እኔ ብለህ የምትደብቀው ነገር አይኑር። ከዚያ ተነሥታ ኮቱን ልትተኩስ የካውያውን ከሰል አቀጣጠለች።

ሰኞ ጠዋት ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሰባተኛ ተነቅሎ መጥቷል ማለት ይቻላል። አቶ ወልደሚካኤል ከፊት፣ አሸብር ከጎናቸው አንገቱን ደፍቶ፣ ባላምባራስ ሙሉብርሃን ከኋላቸው ተቀምጠዋል። ሙሴ ዲኖ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከጠበቃው ጋር ይንሾካሾካል። ማዕረግ ሲጠራ ሕዝቡ እንደ ሙሽራ አየው። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጁን ጭኖ ማለ።

ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ ምስክርን ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቀው። ስም፣ የአባት ስም፣ ሥራ። ማዕረግ መለሰ።

"ከከሳሹ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና አለህ?"

ማዕረግ የለኝም ሊል ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ብሏት ቢያልፍ ማንም ምንም አይልም። ግን በእውነት ልመልስ ብሎ ምሏል፣ ልጁም ደብቅ አላለችውም።

"ትናንት በጋብቻ ልንዛመድ ነበር" አለ። "እናቴ ተሽጣ የመጣች ባሪያ ነበረች ብዬ ብናገር ተውት። ስለዚህ ዝምድና የለንም። ምስክርነቴ ይያዝልኝ።"

ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ማዕረግን አዩት፣ ቀጥሎ አቶ ወልደሚካኤልን አዩ። አቶ ወልደሚካኤል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሙሴ ዲኖ ጆሮውን ባለማመን ጠበቃውን ምን አለ፣ ምን አለ ይላል። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ተከሳሹ ከሳሹን ምን ብሎ ሰደባቸው ሲሉ ጠየቁ።

ማዕረግ ቃሉን እንደሰማው፣ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ ተናገረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰባተኛ ላይ ይህንኑ ቃል ሲሰማ አገር ምድሩን ያናወጠ ነበር። አሁን ግን ከመሀላቸው አንድም ሰው አላጉረመረመም።