ቀስተኛው ከወለሉ በታች

"ፊሎክቴቴስ የሚባል የግሪክ ቀስተኛ ነበር" አለች ነጅላ፣ የዩኒቨርሲቲ ንባቧን ለአጎቷ በአማርኛ ለማጫወት እየታገለች። "ላይክ፣ ወደ ጦርነት ሲሄዱ እባብ እግሩን ነደፈው። ቁስሉ በጣም ሸተተ። ሶ ጓደኞቹ ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ።"

ጋሽ ዓብዱልቃድር ክው አሉ። የእሳቸውም እግር፣ የስኳር ቁስል የበላው፣ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ሳድል ሪጅ ሰፈር ባለው በሟች ወንድማቸው ቤት ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ቤዝመንት ከወረዱ ከረምረም ብለዋል። ያወረደቻቸው የወንድማቸው ሚስት፣ የነጅላ እናት አይሹ ናት፤ "እዚያ ይሞቅዎታል" ብላ። እሳቸውም፣ የዋህ፣ አምነዋት ነበር።

"ኋላስ?"

"ያለሱ ቀስት የጠላትን ከተማ መያዝ አቃታቸው። ሶ ሊወስዱት ተመልሰው መጡ።"

"በምን ዓይናቸው አዩት!"

በሩ ተደወለ። ነጅላን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ናቸው። የምትጠየቅ ልጅ በደንቡ ከፊታቸው አትቀመጥም፤ እዚያው ታች ከአጎቷ ጋር ቀረች። ጋሽ ዓብዱልቃድር ግን ከጠዋት ጀምሮ ተላጭተው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው መጠራታቸውን ይጠብቃሉ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ታክሲ እየነዱ ያሳደጓት እሳቸው፤ ለኒካሕ ቃል የሚሰጠው ወሊይዋም እሳቸው ናቸው።

በጣሪያው ባለው የማሞቂያ ቀዳዳ የአይሹ ድምፅ ከላይ ቤት ቁልጭ ብሎ ወረደ።

"ጋሼ ኤድመንተን ሄደዋል። ሌላ ቀን ብትመጡ።"

ሽማግሌን መጀመሪያ ቀን መመለስ ወግ ነው፤ አይሹ ወጉን መደበቂያ አደረገችው። ጋሽ ዓብዱልቃድር ጆሯቸውን አላመኑም። ኤድመንተን! ከእግሯ ሥር ተቀምጠው! ለካ እሳቸውም ስለ ቁስላቸው ሽታ ተጥለዋል። ነጅላ አፏን በእጇ ያዘች።

"እንግዲያው ኮል አድርገን ሰላም እንበላቸው እንጂ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአይሹ ግን ማደሪያም አላገኘ። ስልኩ ጋሽ ዓብዱልቃድር ጉልበት ላይ ጮኸ፤ ጩኸቱም በዚያው ቀዳዳ ሽቅብ ወጣ። ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙት።

"ሶሪ አባባ" አለች ነጅላ እያለቀሰች። "ካልፈለጉ አያንሱት። ሰርጉ ይቅር።"

አነሱት።

"ወዓለይኩም ሰላም። የልጅቱ ወሊይ እኔ ነኝ። እዚሁ ታች አለሁ። ቃሌን ከፈለጋችሁ ውረዱ።"

በራሳቸው ድምፅ ደነገጡ። ደረጃው ላይ የሽማግሌዎቹ ኮቴ ተሰማ፤ ከኋላ የአይሹ ልቅሶ። ነጅላ ቶሎ ብላ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ ልትጥል ስትል እጇን ያዟት።

"ተይው" አሉ። "ያሽቱት።"