ከእጥበት የተረፈ

ባልደረቦቿ በረኪና ይሏታል። ቅጽል ስሙን አትጠላውም፤ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ትኮራበታለች። በቤተ ሙከራው ውስጥ እንደ እሷ ንጹህ ውጤት የሚያወጣ የለም። ችግሩ፣ ሰሞኑን የምታወጣው ውጤት ከንጽህናው በቀር ምንም የለበትም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው ባዶ እጁን ነው፤ የሚሠራበትን ሁሉ የሚያገኘው ከሕዋሱ ነው። አንዱ የቫይረሱ ፕሮቲን ከሕዋሱ ኢንዛይሞች አንዱን ይዞ ለራሱ ጉዳይ ያሠራዋል ብላ ታምናለች። ይህን ለማሳየት ፕሮቲኑን ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ ታጣብቃለች፣ የሕዋስ ጭማቂ ታፈስበታለች፣ ከዚያ ያልተያዘውን በጨው ውሃ ደጋግማ አጥባ ትደፋለች። ኢንዛይሙ ዶቃው ላይ ከቀረ ተይዟል ማለት ነው። አይቀርም። ዛሬም አልቀረም።

"እስከ ዓርብ ካልታየ ሥራውን እንዘጋዋለን" ብለዋታል አለቃዋ፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው።

ይበልጥ የሚያንገበግባት፣ አብሯት ይሠራ የነበረው ባልደረባዋ አየሁት ማለቱ ነው። የእሱ ውጤት ላይ ኢንዛይሙ ከብዙ ግሳንግስ ጋር ተደባልቆ ወጥቶ ነበር። እሷ ግን "በደንብ ስላላጠበ ነው። እንኳን ኢንዛይም ዝሆንም ይገኝበታል" ብላ ለአለቃዋ ነገረች። ባልደረባዋ ወዲያው ከሥራው ተነስቶ ምድር ቤት ናሙና መረከቢያ ተመደበ።

ከሥራ ወጥታ ብስጭቷን እንደተሸከመች ቤቷ ገባች። ባሏ ሰሃኖቹን አጥቦ ደርድሯቸዋል። እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ እንደገና ታጥባቸው ጀመር።

"አጥቤያቸዋለሁ እኮ" አለ።

"ያንተን እጥበት አውቀዋለሁ።"

አንዱን ሰሃን ከእጇ ወስዶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ሲገዙት ጠርዙ ላይ ቀይ አበባ ነበረው።

"እድፉማ ድሮ አለቀ" አለ በተሰላቸ ድምፅ። "አሁን እያጠብሽ ያለሽው አበባውን ነው።"

ሰሃኑን ተቀብላ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ውሃው እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። ፕሮቲኑ ኢንዛይሙን ጨምድዶ ይይዘዋል ያላት ማን ነው? ነካ አድርጎ የሚለቀው ቢሆንስ? እንዲህ ያለ አያያዝ የእሷን ጨዋማ እጥበት እንዴት ይችለዋል?

በማግስቱ ጨውን ቀንሳ ለቅለቅ ብቻ አደረገችው። ለማነጻጸር ፕሮቲን የሌለባቸውን ዶቃዎችም በዚያው ልክ አጠበች። እነዚያ ላይ ግሳንግሱ እንጂ ኢንዛይሙ የለም። ፕሮቲኑ ባለባቸው ላይ ግን ግሳንግሱም አለ፣ ኢንዛይሙም አለ። ደስ ሊላት ሲገባ በገዛ ራሷ በገነች።

ናሙና መረከቢያው ወርዳ ውጤቱን ባልደረባዋ ፊት አስቀመጠችው። ብዙ አየው።

"ቆሻሻ ነው" አለ።

"ቆሻሻ ነው። ግን ያንተ ልክ ነበር። ና፣ አብረን ለአለቃችን እንንገራቸው።"

"እኔ አልመጣም። ያኔም ብቻሽን ነው የነገርሻቸው" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ውጤቱን አነሳች። ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። አለቃዋ ውጤቱን ተቀብለው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ይሄ ግሳንግስ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አለች። "ኢንዛይሙን መጀመሪያ ያየው ግን ምድር ቤት የመደቡት ባልደረባዬ ነው። አጥቤ የደፋሁበት እኔ ነኝ።"