ሁለት ወንበር የያዘችው አበባ

የዐሥር ዓመቷ ቪብከ ነገር ሰምታ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። ካላየች አታምንም፤ አይታም ደግማ ታያለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንጀራ እናቷ ከጌዚነ ጋር የእናቷ መቃብር ላይ አበባ ተከሉ። ጌዚነ ውኃ ልትቀዳ ራቅ ስትል፣ አጠገባቸው የባላቸውን መቃብር የሚኮተኩቱት ወይዘሮ ቶድተር ቀና አሉ።

«ይቺን አበባ ለምን “ትንሿ እንጀራ እናት” እንደምንላት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እስቲ ገልብጫት! ከጀርባዋ አምስት ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ አይደል? ወንበሮች ናቸው። ከፊቷ ካሉት ባለቀለም ቅጠሎች ደግሞ ይቺ ከታች ያለችው ሰፊዋ፣ ያጌጠችው፣ እንጀራ እናቲቱ ናት፤ ሁለት ወንበር ይዛ ተንሰራፍታለች። ግራና ቀኝ የገዛ ልጆቿ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ከላይ ያሉት ምስኪኖች የእንጀራ ልጆች ናቸው፤ ለሁለት አንድ ወንበር! ድሮም እንዲህ ነው ልጄ።»

ወይ አፍ! ለዚያች ልጅ ይህ ይነገራል? ጌዚነ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከገባች ገና ወሯ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ መኝታ ይደለደላል ተብሏል፤ የልጆች ክፍል ሁለት፣ ልጆቹ ሦስት። የቪብከን ክፍል ቢጫ የቀባችው ደግሞ እናቷ ናት።

ቪብከ አንዷን ቀጥፋ ቆጠረች። እውነት ነው። ነጯ ትለይ ይሆን? ቀጠፈች። ሐምራዊዋስ? እሷንም ቀጠፈች። ጌዚነ ስትመለስ የተከሉት ሁሉ አናት አናቱ ተቀጥፎ ጠበቃት።

«ምን በደሉሽ?»

«ወንበር እየቆጠርኩ ነው። ሁሉም ላይ የእንጀራ ልጆቹ ተደራርበዋል።» አንዷን አበባ ዘረጋችላት። «ክፍሌን ልትወስጂብኝ ነው አይደል?»

ወይዘሮ ቶድተር ምንም እንዳልሰማ ሰው አጎንብሰው መኮትኮት ያዙ።

ጌዚነ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንዷን አበባ ገልብጣ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። «አይ አንቺ! ዕድሜዬን ሙሉ ስተክላት ይህን አላውቅም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ስሚኝ ቪብከ፣ የእኔዎቹ አንድ ክፍል እንደሚጋሩ ከነገርኳቸው ሦስት ቀናቸው። እስካሁን አኩርፈውኛል። ያን ግድግዳ ማን እንደቀባው አባትሽ ነግሮኛል።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቪብከ አለቀሰች፤ አፈረችም። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራረገች።

«አንዷ እኔ ጋ ትምጣ። የማታንኮራፋዋ።»

«ሁለቱም ያንኮራፋሉ።»

«እሺ፣ ታናሽየዋ ትሁን» አለች ቪብከ። «ግን ግድግዳው ላይ ምንም እንዳትለጥፍ።»