ነጭ ሽንኩርቱ ዝም ሲል

ልጅቱ የመጣችው አባቷን ልትወስድ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አርባ ዓመት በመካኒክነት የሠሩት ሰውዬ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ከጋዝ ምድጃ ጋር ይኖራሉ። «አንድ ቀን ቤቱን ከነራሱ ያነደዋል» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ማንስ ልጅ ቢሆን አይሰጋም? ስለዚህ ልብሳቸውን የምትከትበት ትልቅ ሻንጣ ይዛ መጥታ በር ጥግ አስቀመጠችው፤ ስለ ሻንጣው ግን ትንፍሽ አላለችም።

ጠዋቱን ወጥ ቤቱን ስታስተካክል አረፈደች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ቁጭ በል አባዬ፣ እኔ እሠራለሁ» አለች።

«እንግዳዬ ነሽ። የሚያስለቅስ ፓስታ በበርበሬ እሠራልሻለሁ። ይልቅ ሬዲዮኑን አጥፊልኝ።»

አጠፋችውና፣ ዳዴ የሚል ሕፃን እንደምትጠብቅ እናት እጇን ዘርግታ ከኋላቸው ቆመች።

ውሃው ሲንሾካሾክ «ገና ነው» አሉ፤ ሲንተከተክ ፓስታውን ከተቱ። ነጭ ሽንኩርቱን የጋለ ዘይት ላይ ጣሉት፤ ጮኸ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ድሮ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍተው «እስቲ ነዳጅ ስጠው» ሲሉ እንዲህ ነበር የሚቆሙት። ያኔ ሞተሩን ሳይፈቱ በሽታውን ይናገሩ ነበር።

«ውሃ እስካለው ይጮኻል። ዝም ማለት ሲጀምር ሊያር ነው፤ በርበሬው የሚገባው እዚያ ላይ ነው» አሉ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ጠብሳለች፤ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። አሁን ሰማችው። ጩኸቱ ሳሳ፣ ሳሳና እጃቸው ወደ መደርደሪያው ሄደ። ያኔ ትዝ አላት። ጠዋት የመደርደሪያውን የቅመም ቆርቆሮዎች ለዓይን እንዲያምሩ ብላ በቁመታቸው ደርድራቸዋለች፤ ለማን ዓይን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በርበሬው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ያለው ስኳር ነው።

እሷ አፏን እስክትከፍት እሳቱን ቀንሰው ቆርቆሮውን አነሡና ጆሯቸው ሥር አንዴ ነቀነቁት። «ስኳር» ብለው መለሱት። ቀጣዩን ነቀነቁ። «ጨው።» ሦስተኛውን ምንም ሳይሉ ከፍተው በተኑት። ቤቱ በርበሬ በርበሬ ሸተተ፤ ሁለቱም አነጠሱ።

«ዕቃዬን ማን አዛወረው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።» መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይሁን። ፓስታውን ስሚው። ጥሬው ሲማሰል የድስቱን ጎን ይመታል፤ የበሰለው አይሰማም።»

ጎንበስ አለች። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ነበር፤ ቆይቶ ጠፋ። አንዷን ዘለላ አውጥታ ብትቀምስ፣ ልክ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኒህ ግን በጆሮ ነው። ተገረመች ማለት ያንሳል፤ ሕይወቷን ሙሉ የምታውቃቸውን ሰው ገና ዛሬ ያየቻቸው መሰላት።

እያለቀሱ በሉ። በርበሬው ነው እንበል።

ከዚያ አባቷን እየጠየቀች ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። «እሑድ እመጣለሁ» አለች፤ «ልበላ።»

«ሻንጣሽን እንዳትረሺ።»

ደነገጠች። «በምን አወቅህ?»

«ጠዋት ደረጃው ላይ ስትጎትቺው ሰማሁት። ባዶ ሻንጣ ይንኳኳል። ምን ልትከቺበት እንደመጣሽ ያኔውኑ ገባኝ።» በመዳፋቸው ጠረጴዛውን ጠረጉ። «ዛሬ ያበሰልኩት እየፈራሁ ነው፣ ልጄ።»

ግንባራቸውን ሳመችና ወጣች። ሻንጣው ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። እሷ ግን አልተሸከመችውም። ባዶውን መሄዱን እንዲሰሙት፣ ሦስቱን ፎቅ በየደረጃው እያንኳኳች ጎትታው ወረደች።