ካሜራዋስ ደኅና ናት

የሕንፃ ነዳፊው በበሽታ እጅ እግሩ ከከዳው፣ አንደበቱም ከተዘጋ ወዲህ የሚናገረው በዓይኑ ነበር፤ ከስክሪኑ ሥር ያለችው ካሜራ ዓይኑን እየተከተለች ያየውን ፊደል ትጽፍለታለች። ሰሞኑን ግን ፊደሉ ተዘባረቀበት። «ውሃ» ሊል ሲፈልግ የማይነበብ ነገር ይወጣል።

«ካሜራዋ ናት የተበላሸችው» ብላ እኅቱ የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራች።

ጠጋኙ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ በዓይኑ «ሰላም» ብሎ ጻፈ፤ አንድ ፊደል አልሳተም። እኅቱም ሞከረች፤ ሠራላት። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ነዳፊው ክው አለ። ዓይኑ ማየቱን ቢያይም መታዘዙን እያቆመ ነው፤ በሽታው የቀረችለትን አንዲት በር ሊዘጋበት ነው። ቢጮኽ በወደደ፤ በየትኛው አፉ!

«አይዞህ ወንድምዓለም፣ ካሜራዋ አርጅታ ነው፤ በአዲስ እንቀይራታለን» አለች እኅቱ እንባዋን እየዋጠች።

ጠጋኙ ግን አጠገቡ በርከክ አለ። «ጋሼ፣ ሌላ የሚታዘዝልዎት ቦታ ካለ ያሳዩኝ።»

ነዳፊው ገላውን እንደ ጠፋ ዕቃ በረበረው። ቅንድቡ እምቢ አለ፤ ጉንጩም እምቢ አለ። የታችኛው ከንፈሩ ብቻ ንቅንቅ አለ። ጠጋኙ እዚያው ሥር ትንሽ የመጫኛ ቁልፍ አሰረለት፤ ፊደላቱ ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ሲበሩ፣ የፈለገው ጋ ሲደርስ በከንፈሩ ይጫናል።

አንዲት ቃል ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። እኅቱ ጎንበስ ብላ አነበበችው፦ «አትዋሺኝ»።