ከጉብታው ማዶ

ፍሬኑን በሁለት እግሮቿ ረግጣ፣ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ጉብታው አዙራ ቆማለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ሬዲዮው በርቷል፤ አውራ ጣቷ ግን ከመናገሪያው ቁልፍ ርቆ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። በመንደርደሪያው ላይ ቆሞ ዝም ማለት በዚህ ሜዳ የነውር ሁሉ ነውር መሆኑን ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ሜዳው የመቆጣጠሪያ ማማ የለውም። "ተነሥ"፣ "ቆይ" የሚል ሰው የለም። አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት መንደርደሪያ አንድ ብቻ ነው፤ መካከሉ ላይ ጉብታ ስላለ፣ በአንዱ ጫፍ የቆመ አብራሪ በሌላው ጫፍ ያለውን አያይም። ስለዚህ ማንም ከመግባቱ በፊት የት እንዳለና ወዴት እንደሚነሣ በሬዲዮ ይናገራል፤ የሰማም ይመልሳል። በዚህ ሜዳ የሚያበር ሁሉ ነፍሱን ለባልንጀራው አንደበት አደራ ሰጥቶ ነው የሚያበረው።

ጓንት ከእጁ ስለማይለይ ባለ ጓንቱ የሚባለው አብራሪ ያንን አደራ በላ።

በእርሻ ላይ መድኃኒት ይረጭ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ባለፈው ዓመት በዚሁ ጫፍ ቆሞ፣ እንደ ወጉ ተናግሮ፣ "አለሁ" የሚል ሲጠፋ ተንደረደረ። ጉብታው አናት ላይ ሲደርስ የባለ ጓንቱ አውሮፕላን ፊት ለፊት መጣበት። ባለ ጓንቱ ነፋሱ ከየትም ይንፈስ ከየት፣ ለሃንጋሩ ከሚቀርበው ጫፍ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የመነሣት ልማድ ነበረው። ወንድሟ ከመንደርደሪያው ዳር ወዳለው ቦይ ጠመዘዘ። ባለ ጓንቱ ከአናቱ በላይ አልፎ በረረ፤ ወንድሟ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በእግሩ አልቆመም። አጣሪዎች በመጡ ጊዜ ባለ ጓንቱ "እኔ ተናግሬአለሁ፤ ዝም ያለው እሱ ነው" ብሎ ማለ። ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። አንቱ የተባለ አብራሪ ነበረና ታመነ፤ ጥፋቱም አልጋ ላይ በተኛው ሰው ላይ ተጻፈ። ባለ ጓንቱ ከዚያ በኋላ ከሜዳው ጠፍቶ ከርሞ፣ ወደ ሥራው የተመለሰው ገና በዚህ ሳምንት ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ወንድሟ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የምትኖረውን የእጅ ሬዲዮውን ይጎረጉር ነበር።

"እታለም፣ ትናንት ስታርፊ ድምፅሽን ዋጥ ዋጥ አደረግሽው" አላት።

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"ጉንፋንሽን ለቤት አቆዪው። እኔ እዚህ ተቀምጬ የምበረው በአንቺ ድምፅ ነው፤ ክንፌን አትቁረጪብኝ።"

ሣቀ። እሷ አልሣቀችም። እሱ በሣቀ ቁጥር የእሷ ንዴት ይብስ ነበር።

ሃንጋሩ ውስጥ፣ ከአደጋው ወዲህ ባስገባው ሬዲዮ አጠገብ፣ ሽማግሌውን መካኒክ አገኘችው።

"ጋሼ፣ ባለ ጓንቱ ዛሬ ይነሣል?"

"ይነሣል። ብቻውን ነው፤ ተሳፋሪ የለውም።" መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትክ ብሎ አያት። "ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዲያው ነው።"

"እንዲያውስ አይደለም። ፊትሽ ዛሬ እንደ ተቃጠለ ካንዴላ ጠቁሯል።"

"የእኔን ፊት ይተዉና የአውሮፕላኔን ካንዴላ ይዩልኝ።"

ብቻውን መሆኑ ደስ አሰኛት፤ በቀሏ ንጹሕ ሰው አይነካም። ከማዶ አቧራው ሲነሣ እስከ ጉብታው ሥር ተጠግታ ትቆማለች። ባለ ጓንቱ ጉብታው ላይ ሲወጣ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለሯን ፊት ለፊቱ ያያል፤ ወንድሟ ወደ ጠመዘዘበት ቦይም ይጠመዝዛል። ባይጠመዝዝ ሁለቱም ይሞታሉ። ዓመት ሙሉ ያብሰለሰለችው ቂም ይህን ሁሉ ፍርድ አስመስሎ አሳያት።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"ከሃንጋሩ በኩል ወደ መንደርደሪያው ልገባ ነው። በመንደርደሪያው ላይ ያለ ሰው ይናገር።"

የባለ ጓንቱ ድምፅ ነው። ይናገራል ብላ አልጠበቀችም ነበርና ደነገጠች፤ ቀጥሎም ቃሉ እንደ ስድብ ተሰማት። ጨዋነትን የተማረው በወንድሟ አከርካሪ ላይ ነው።

"እደግማለሁ፤ በመንደርደሪያው ላይ ያለ አለ?" ድምፁ ተርበተበተ። "እባካችሁ፣ ካላችሁ መልሱልኝ።"

አውራ ጣቷ አልተነቃነቀም። ወንድሟም ያን ቀን እንዲህ ተጣርቶ ነበር፤ ያን ቀንም የመለሰለት አልነበረም። ዝምታው አንደበቷ ላይ ጣፈጣት። አጣሪዎች ቢመጡ ምን እንደምትላቸው እንኳ አዘጋጅታለች፦ "እኔ ተናግሬአለሁ፤ ዝም ያለው እሱ ነው።"

"እንግዲህ ማንም የለም። ልነሣ ነው።"

ከጉብታው ማዶ አቧራ ቦለል አለ። እጇ ወደ ነዳጅ መስጫው እጀታ ሄደ።

"እታለም!"

ቤት ተቀምጦ በዚህ ሬዲዮ መናገር ክልክል ነው፤ ወንድሟም ከማዳመጥ በቀር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር። "እታለም፣ ሰውየው ሲጣራ አልሰማሽም? የት ነሽ? አንቺም እሱ ያን ቀን እንዳደረገው ዝም አልሽ?"

ቁልፉን ተጫነችው።

"ቁም! መንደርደሪያው ላይ ነኝ! ቁም!"

አቧራው ጉብታውን አልፎ መጣና መስኮቷን ሸፈነው። ሲገለጥ የባለ ጓንቱ ፕሮፔለር ጫፍ ብቻ ከጉብታው በላይ ብቅ ብሎ ይሽከረከር ነበር። ቆሟል።

"ነፍሴን አተረፍሽ" አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "እንዴት አድርጌ ላመስግንሽ?"

"ምስጋናህን እዚያው ያዘው።" ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው። "ወንድሜ ይሰማሃል። ጋሼም ከሃንጋር ይሰማል። ያን ቀን ተናግረህ ነበር?"

"ይህማ በሬዲዮ የሚወራ ነገር አይደለም። ወርደን እንነጋገር።"

"እዚሁ። እስክትመልስ ከዚህ አልነቃነቅም።"

ከጉብታው በላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ቀስ አለ።

"አልተናገርሁም" አለ በመጨረሻ። "ሬዲዮውን ዝቅ አድርጌ በስልክ አወራ ነበር። አልተናገርሁም፤ እሱንም አልሰማሁትም።"

"ድገመው።"

ደገመው።

"ሰምቻለሁ" የሚል የመካኒኩ ድምፅ ገባ። "አጣሪዎቹ ዘንድ ሄጄ እመሰክራለሁ። ዛሬማ የሰማ ጆሮ አለ።"

ቀጥሎ ወንድሟ ተናገረ፤ ድምፁ ተለውጧል። "እታለም፣ ከመንደርደሪያው ውረጂ። ማታ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።"

ወንድሟ ባለ ጓንቱን ማሪልኝ አላላትም፤ ብሏትም ቢሆን አትምርም ነበር። የሚጠይቃትንም ታውቀዋለች፤ መልስ አላዘጋጀችለትም። ፍሬኑን ለቃ፣ አውሮፕላኗን ከመንደርደሪያው አውጥታ ሣሩ ላይ አቆመች። ባለ ጓንቱም ወደ ጫፉ ተመለሰ።

"መንደርደሪያው ነጻ ነው?" ሲል ጠየቀ።

አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች፤ አልተጫነችውም። ከእንግዲህ ይህ ሰው በዚህ ሜዳ በተጣራ ቁጥር የምትመልስለት እሷ ትሆናለች። አንድም ቀን መልስ አትነፍገውም፤ በመጀመሪያው ጥሪ ግን አትመልስለትም።

"እባክሽ" አለ ባለ ጓንቱ፤ ድምፁ እንደ ገና ተርበተበተ። "እባክሽ፣ ነጻ ነው?"

"ነጻ ነው" አለችው።