መቀመጫው ያልተዘጋው እንስራ

“አትንኪው፣ ቤኒግና።”

የቤኒግና እጅ አየር ላይ ቀረ። ከያዘችው እርጥብ ጨርቅ ውሃው ክርኗ ድረስ ይወርዳል። ከፊቷ፣ በሩ ጥግ፣ እናቷ ናና ኡርባና ጀምራው የሞተችው እንስራ ተቀምጧል። አፉ አልቋል፣ ሆዱም ወጥቷል፤ መቀመጫው ግን ገና ክፍት ነው። በአገራቸው በሳን ኒኮላስ እንስራ ከአፉ ተጀምሮ ነው የሚሠራው። መቀመጫው መጨረሻ ላይ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከውስጥ ድንጋይ ተይዞ ከውጭ በእንጨት እየተመታ ይዘጋል።

“ጨርቁን ላልብሰው ብዬ ነው፣ አክስቴ።”

“ሬሳው እቤት ውስጥ እያለ የቤቱ ሴት ጭቃ አትነካም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?”

ያለችውስ ሟቿ ራሷ ነች። የቤኒግና አባት የሞተ ጊዜ፣ ናና ኡርባና ያልተተኮሰ ሸክላዋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ቁጭ ብላ አይታለች። ጎረቤት ሊያነሳላት ሲል እንኳ “ተዉት፣ እሱም አልቅሶ ይውጣለት” ነበር ያለችው። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ሞታም የምታዝ።

አክስት ዶሚንጋ ጨርቁን ከእጇ ወስዳ ባልዲው ውስጥ መለሰችው። ደጅ ላይ ለሟች የሚነደው ግንድ ሳይጠፋ ይጨሳል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሙቀቱ እንስራው ላይ ያርፋል። እሳቱ ቀብር ሳይፈጸም አይጠፋም። ቀብሩም መርከበኛው የቤኒግና ወንድም ሲልቬርዮ ሳይደርስ አይሆንም። እሱ ደግሞ ነገ እደርሳለሁ እያለ ሌላ ነገ ይጨምራል።

ለቀስተኞቹ የዝንጅብል ሻይ ይዘው ያወራሉ።

“ፍሪጅ ገዝተን እንኳ የምንጠጣው ከእሷ እንስራ ነው” አለች ጎረቤታቸው ኢስኮላስቲካ። “የጨው ዓሣዬም በሌላ ሰው ጋን ይሸተኛል።”

“ያንቺማ በየትኛውም ይሸታል” አለ ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። ቤኒግናም ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ።

አርባ ዓመቷ ነው፤ አንድም መቀመጫ ዘግታ አታውቅም። ጭቃውን ትረግጣለች፣ አፉን ታወጣለች፣ ሆዱን ትነፋለች። እዚያ ሲደርስ እናቷ ትነጥቃታለች። “አንቺ የዘጋሽው ከሆነ ሰው ወጡን ከመሬት ነው የሚለቅመው” ትላታለች። መቀመጫ የሌለው እንስራ ባየች ቁጥርም “ልክ እንደ ወንድምሽ፣ አፍ ብቻ!” ብላ ትስቃለች። ቤኒግና ስንት ጊዜ አኩርፋለች። በሞተችበት ቀን ጠዋት ግን እናቷ እጇን ታጥባ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ “ይኼኛውን አንቺ ዝጊው” አለቻት። ወገቧን ልታሳርፍ ገባች፤ ለምሳ ሊቀሰቅሷት ሲገቡ ሞታለች።

“እኔ እንድዘጋው ብላኛለች እኮ” አለች ቤኒግና ለአክስቷ፣ በሹክሹክታ።

ዶሚንጋ እንስራውን አየችው። የአፉ ጠርዝ ደርቆ ነጥቷል። “ምን ላድርግሽ ልጄ? እሷን ተነስተሽ ፍቀጂልኝ በያት።”

ሲልቬርዮ ሲደርስ ቤኒግና መጀመሪያ ያየችው እሱን አይደለም፣ እንስራውን ነው። ወፍራሙ ጭቃ፣ መቀመጫው በሚዘጋበት በኩል፣ ገና ጠቆር ያለ ነበር። ከቀብር እስክትመለስ አይደርቅም፤ ድንጋዩንና እንጨቱን ባልዲው አጠገብ አዘጋጀች። በዚህ ተስፋዋ አፈረች። ከዚያ ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች።

በዚያው ቀን የሬሳ ሳጥኑ ተነሳ። ቤኒግና ከበስተኋላ ደግፋዋለች።

“ዕቃ!” አለች ዶሚንጋ ከፊት ሆና። “ሳጥኑ ደጃፉን ሲሻገር የሚሰበር ዕቃ አምጡ፣ ሞት ተመልሶ እንዳይገባ!”

ሲልቬርዮ በእንባ ዙሪያውን ተመለከተና በሩ ጥግ ያለውን አነሳ።

“ይኼ ይሁን፣ ቀዳዳ ነው።”

ቤኒግና ልትነጥቀው ዘወር አለች። እጇን ብታነሳ ሳጥኑ ያዘነብላል።

እሳት ያልነካው ሸክላ ሲሰበር አይጮህም። ዱብ አለና ተከፋፈለ።

“ወደ ኋላ እንዳትዞሪ” አሏት፣ ሌሎች ሳጥኑን ሲቀበሏት። አልዞረችም። የአፉ ቁራጭ ተንከባሎ እግሯ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ሬሳው ከቤት ወጥቷል፤ አሁን ጭቃ መንካት ትችላለች። አውራ ጣቷን በምራቋ እያራሰች፣ እስከ መቃብሩ ድረስ የተሰበረውን ጠርዝ ስታለሳልስ ሄደች።